የአባቴን ቮልስ ልሰራው ነው፣ ከየት ልጀምር?

ደብዳቤው (ትንሽ አሳጥሬዋለሁ)፦

«ሰላም ላንተ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ከተወልን ነገር አንዱ ቮልስዋገን ነው፣ 72 ሞዴል ነው ሲል ነበር፣ ከኋላው 1300 የሚል አለበት። ህመሙ ሳይጀምረው በፊት ስላቆመው አሁን ወደ አስራ አንድ ዓመት ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ቆሟል። እማዬ ወይ አሰሩት ወይ ሽጡትና ግቢዬን ልቀቁልኝ ብላለች። ዲሲ ያለው ወንድሜ ደግሞ ለሚያዝያ የእህታችን ሰርግ ሙሽራዋ በአባቷ ቮልስ ነው የምትወጣው ብሎ የቀለም ብር ልኳል፣ አምስት ወር ነው የቀረን። አንድ መካኒክ መጥቶ ሞተሩ ይውረድ አለኝ፣ ባትላሜራው መኪናው ሙሉ በሙሉ ይፈታና ቦዲው ይጀመር አለኝ፣ ጎረቤታችን ደግሞ ባትሪ አምጣና አስነሳው ምን ታካብዳለህ ይለኛል። እኔ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም ግን በራሴ እጅ ልሰራበት እፈልጋለሁ። ወንድሜ ከላከው ጋር 200 ሺህ ብር ገደማ አለኝ። ከየት ልጀምር? የአባቱ ልጅ ነኝ፣ ከኮልፌ።»

ወንድሜ የአባቱ ልጅ፣ በመጀመሪያ አባትህን ነፍስ ይማር።

ሦስቱም ሰዎች አልዋሹህም፣ ግን ሁሉም የነገረህ የራሱን ስራ ነው፣ መካኒክ ሞተር ይታየዋል ባትላሜራ ላሜራ ይታየዋል ጎረቤት ደግሞ ሞተር ሲጮህ መስማት ነው የሚፈልገው። ከሦስቱ ምክር በጣም ውድ የሚያስከፍልህ ደግሞ ያ ቀላል የሚመስለው የጎረቤትህ ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ። እኔ የምልህ ሌላ ነው፦ ከኋላ ወንበር ስር ጀምር። ቀልዴን አይደለም። ቮልስ ላይ የኋላው መቀመጫ ቡሎን ምናምን የለውም፣ ከፊት በኩል ያዝና ሳብ አድርገህ አንሳው፣ ከስሩ ሁለት ነገር ታገኛለህ። በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ አለ፣ መሀል ለመሀል የሚሄደው ጉብታ ላይ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተመትቶ አለ። ይሄ መኪና ህይወት አለው የለውም፣ ያንተ ነው አይደለም የሚለውን ጥያቄ እነዚህ ሁለቱ ናቸው የሚመልሱልህ፣ አንድ ሳንቲም ሳታወጣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት።

ከቁጥሩ እንጀምር። በብሩሽና በትንሽ ቤንዚን ጠረግ ጠረግ አርገህ አንብበው። በዛ ዘመን የቮልስ የሻንሲ ቁጥር አሰራር ላይ መጀመሪያ ያለው 11 የመኪናውን ዓይነት ነው የሚናገረው፣ ሦስተኛዋ ቁጥር ደግሞ የሞዴሉን ዓመት፣ ስለዚህ በ112 የሚጀምር ከሆነ እውነትም አባትህ እንዳሉት 72 ነው፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው። ከዛ ሊብሬውን አምጣና አስተያየው። የሞተሩን ቁጥር ደግሞ ከኋላ ከዲናሞው መቀመጫ ስር ሞተሩ ላይ ታገኘዋለህ፣ እሱንም አስተያይ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቮልስ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተሩ አንዴም ሳይቀየር የቀረ ካለ እድለኛ ነው፣ የተቀየረው ደግሞ ሁሌ ሊብሬ ላይ አልተፃፈም፣ ይሄን ዛሬ ማወቅና ብርህን ጨርሰህ ለምርመራ ስትሄድ ማወቅ አንድ አይደለም።

ሊብሬው አሁንም በአባትህ ስም ነው ብዬ ልገምት። እንደዛ ከሆነ መኪናው ገና ያንተ አይደለም። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ከሆነ በህጉ ግማሹ የእናትህ ነው፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ለልጆች እኩል ነው የሚከፋፈለው፣ ስለዚህ ሙሽራዋ እህትህም ዲሲ ያለውም ወንድምህ ባለድርሻ ናቸው። ይሄን የምልህ ላጣላችሁ ፈልጌ አይደለም፣ እንደውም እንዳትጣሉ ነው፣ ምክንያቱም ዛሬ ማንም የማይፈልገው ብረት 200 ሺህ ከገባበትና ካማረበት በኋላ ድንገት ሁሉም ትዝታ ይመጣበታል። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ፣ ማን ይይዘዋል የሚለውን በፅሁፍ ተስማሙ፣ ከዛ ፋይሉ ያለበት የመንጃና ተሽከርካሪ ቅርንጫፍ ሄደህ ቦሎ ሳይታደስ ለቀረባቸው ዓመታት ምን እንደሚጠየቅ ከራሳቸው አፍ ስማ። ወረፋው ስለሚያጓትትህ እሱን አስጀምረህ ወደ መኪናው ተመለስ።

አሁን የባትሪው ቦታ። ከባትሪ የሚወጣው አሲድና ትነቱ በዓመታት ውስጥ ስሩ ያለውን ወለል ይበላዋል፣ ቮልስ ላይ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ቦታ የትም ዓለም ሂድ እዚህ ነው። ባትሪውን አንሳና ካቻቪቴ ይዘህ ወጋ ወጋ አርገው፣ አትፍራ፣ ጤነኛ ላሜራ በካቻቪቴ አይበሳም፣ ከተበሳ ቀድሞም አልነበረም ማለት ነው። በቀዳዳው መሬቱን ካየኸው አይግረምህ፣ እዚህ ቦታ ቀዳዳ የሌለበት ያረጀ ቮልስ ብዙ የለም። ከዛ ምንጣፉንና ከስሩ ያለውን ሬንጅ የመሰለ ነገር ከአራቱም ጥግ ገለጥ አድርግ፣ ውሃ የሚይዘው እሱ ነው፣ ከላይ ደረቅ ይመስላል ከስር ግን ክረምቱን ሙሉ ረጥቦ ነው የሚከርመው። ወለል በሰበሰ ብለህ ግን እንዳትደነግጥ፣ ወለል ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ተቆርጦ ይቀየራል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከበሩ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው እንደ ሳጥን ያለ ክፍል አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቀት ወደ ፊት የሚተላለፈው በሱ ውስጥ ነው። ሰው የሙቀት ቱቦ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን ቦዲውን አቅንቶ የያዘው እሱ ነው፣ ቦዲው ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሰረውም በሱ በኩል ነው። ማግኔት ግዛ፣ የፍሪጅ ማስጌጫም ቢሆን ይበቃል፣ ስስ ጨርቅ ጠቅልልበትና በዛ ሳጥን ላይ፣ በፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ፣ በኋላ መስኮት ስር እያስኬድክ ሞክር። ማግኔቱ መያዝ ሲያቆም ከስሩ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ ልስን) ነው። ከዛ በሩን ግማሽ ከፍተህ ወደ ላይ አንሳ አንሳ አርገው፣ ከላላ የማጠፊያው ፒን ነው ያለቀው፣ እሱ ቀላል ነው። ግን በሩ ሳይላላ ሲዘጋ ከታች ያለው ክፍተት ሰፍቶ ከላይ የሚነካ ከሆነ ቦዲው ራሱ መሀሉ ላይ መውረድ ጀምሯል ማለት ነው። ከፊት በኩል ደግሞ መኪናው ስር ተኝተህ የፊቱ አክስል የሚታሰርበትን የሻንሲውን ጫፍ እይ። (ስሩ ስትገባ በክሪክ ብቻ ይዘኸው እንዳትገባ፣ ቮልስ ላይ የክሪኩ ማስገቢያ ራሱ የሚበሰብስ ቦታ ነው፣ ሲነሳ ጥሩ ይመስልና አንተ ከስር ስትሆን ይቀደዳል። ጠንካራ መደገፊያ ብረት ተከራይ ወይ ተዋስ፣ ብሎኬት አይሆንም፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።)

እንግዲህ መልሱ የሚለያየው እዚህ ጋ ነው። በሩ ስር ያለው ሳጥንና የፊቱ የሻንሲ ጫፍ ከበሰበሱ ባትላሜራው ልክ ነው፣ ከቦዲ ነው የሚጀመረው፣ የሚያዝያውን ሰርግ ግን እርሳው፣ ወንድምህንም ዛሬውኑ ደውለህ ንገረው። በዛ ሁኔታ ባትላሜራውን አንድ ነገር አስጠንቅቅልኝ፣ ሁለቱን ጎን በአንዴ እንዳይቆርጥ፣ ሲቆርጥም በሩ የሚገባበትን ክፍተት መጀመሪያ በብረት አስደግፎ በይዶ ይቁረጥ፣ አለዚያ ቦዲው ይወርድና ከዛ በኋላ በሩ እድሜ ልኩን አይገጥምም፣ በስቱኮም አይሸፈንም። እነዚያ ሁለቱ ጤነኛ ከሆኑና የበሰበሰው የባትሪው ስርና የወለሉ ጥጋጥግ ብቻ ከሆነ ግን ባትላሜራውን አመስግነህ ቆይ በለው፣ ቦዲ ይጠብቃል። ከደብዳቤህ እንደማየው ቆርቆሮ ስር ስለቆመ ሁለተኛው የመሆን እድሉ ጥሩ ነው።

ስለ መፍታት አንድ ነገር ልበልህ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ግትር ነኝ። መኪናውን አታስፈታው። በየጋራዡ ጥግ የምታያቸው በሩ አንድ ቦታ፣ ኮፋኖው ሌላ ቦታ፣ ቡሎኑ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የሆኑ ቮልሶች ሁሉ ባለቤታቸው መጀመሪያ ላይ በጣም የጓጓ ሰው ነበር። መፍታት ርካሽ ነው ደስ ይላል ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው፣ መግጠም ነው ብር የሚበላው፣ በመሀል ብር ያልቃል ባትላሜራው ሰፈር ይቀይራል ዕቃው ይጠፋል፣ እናትህም ግቢ ውስጥ አንድ መኪና ሳይሆን አስር ክምር ብረት ነው የሚኖራቸው። የሚንቀሳቀስ አስቀያሚ መኪና ሁሌም ሊሸጥ ይችላል፣ የተፈታ ቆንጆ መኪና ግን አሮጌ ብረት ለሚሸጥበት ለምናለሽ ተራ ካልሆነ ለማንም አይሸጥም። ስለዚህ አንድ ስራ ጨርስ፣ ግጠም፣ ከዛ ወደ ሌላው፣ ከመፍታትህ በፊትም በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ከአራት አቅጣጫ።

የመጀመሪያው ስራ ፍሬን ነው። አውቃለሁ ደስ አይልም፣ አንተ ድምፁን መስማት ነው የምትፈልገው፣ ግን ሞተሩ ቀድሞ ከተነሳ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ አንዱ ማርሽ ያስገባል፣ ግቢው ደግሞ ቁልቁለት ነው፣ የቀረውን አንተው ጨርሰው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፣ አስራ አንድ ዓመት የቆመ ዘይት ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ፖምፓውን ከውስጥ አዝጎታል። ስለዚህ ዋናው ፖምፓ፣ በየጎማው ያሉት ትንንሾቹ ፖምፓዎች፣ የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍባቸው አራቱም የጎማ ቱቦዎች ይቀየሩ፣ ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና ቢመስሉም ከውስጥ አብጠው ዘይቱን እንደ ኬላ ስለሚዘጉት ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም። ለኋላው ታምቡር አንድ ምክር፣ መሀሉ ላይ ያለችው ትልቋ 36 ዳዶ በጣም ጠብቃ ነው የምትታሰረው፣ መኪናው ጎማው መሬት ላይ እያለና ማርሽ ውስጥ ሆኖ በረጅም ቱቦ ነው የምትፈታው፣ ክሪክ ላይ ሰቅለህ ከታገልካት መኪናውን ነው የምትጥለው። የፍሬን ሸራውን እያየህ ካለቀ አስቀይር። ጎማዎቹን ደግሞ ጥርሳቸውን አትይ፣ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ፅሁፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው፣ አስር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ግቢ ውስጥ ለመግፋት እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የ15 ኢንች ቀጭን ጎማ በየሱቁ ስለማታገኝ ከአሁኑ ጠይቅ።

አሁን ወደ ጎረቤትህ። ባትሪ አምጥተህ ቁልፍ ብትጠመዝዝ ምን ይሆናል? አንደኛ ፒስተኖቹ ደርቀዋል፣ በደረቁ ሲፋጩ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይጨርሱታል። ሁለተኛ ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ቤንዚን መሆኑን ትቷል፣ የቀለም ቫርኒሽ ይሸታል፣ ከዝገቱ ጋር ካርቡራተሩ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ማንም የማይነግርህ አይጥ ነው። ቮልስ ውሃ የለውም በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ አየሩን የሚነፋው ፋን ያለበት ትልቁ የላሜራ ሽፋን ውስጥ ደግሞ አይጥ ቤቷን መስራት በጣም ትወዳለች፣ አስራ አንድ ዓመት ከኮልፌ አይጥ ጋር አስበው። ሞተሩ ይነሳልሃል፣ አስር ደቂቃ ደስ ይልሃል፣ ከዛ አየር የማያገኘው ሲሊንደር ይቃጠላል። ስለዚህ በባትሪ መብራት አብራና እይ፣ ጭድ ወይ ጨርቅ ወይ ፌስታል ካየህ ሽፋኑ ይነሳና ይፀዳ።

በትክክል ሲሰራ እንዲህ ነው። አራቱን ካንዴላ ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ቀጭን ዘይት ጠብ አርግና እስከ ነገ ተወው። በማግስቱ ካንዴላው እንደተፈታ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው፣ ከዞረ ትልቁ ጭንቀት አለቀ፣ ቺንጋው (ቀበቶው) ብቻ ከተንሸራተተ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ያለውን ትልቁን ቡሎን ያዝ። ጭራሽ እምቢ ካለ አታስገድደው፣ ዘይት ጨምርና ቀናት ስጠው። ከዞረ አሮጌውን ዘይት አፍስስ፣ ከስር ያለችውን ወንፊት አውጥተህ እጠባት፣ ይሄ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም ያለው እሷ ብቻ ናት፣ ለዛ ነው በየ 5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀየርለት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ነው የሚይዘው ከዛ በላይ እንዳትሞላ። ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይሰጣቸው፣ ፑንቲናው (ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተር ውስጥ ያለው መቆራረጫ) ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር። ታንኩ ወርዶ ይታጠብ፣ ከታንኩ እስከ ሞተሩ ያለው የቤንዚን ጎሚኒ (የጎማ ቱቦ) ሁሉ፣ ሁሉ እልሃለሁ፣ ይቀየር። ቮልስ ሲቃጠል ከሚቃጠልባቸው ምክንያቶች ዋናው ሁለት ብር የማትሞላ የደረቀች ጎሚኒ ናት፣ ታንኩ ከፊት ነው ሞተሩ ከኋላ፣ ጎሚኒዋ ሞተሩ ላይ ስትሰነጠቅ የሚንጠባጠበው ዲናሞና ዲስትሪቡተር ላይ ነው። ያቺን ከዲስትሪቡተሩ በላይ የምትንጠለጠል የላስቲክ የቤንዚን ፊልትሮ የሚገጥምልህ መካኒክ ካለ አስቁመው። የእሳት ማጥፊያ ግዛ፣ ትንሿም ትሁን።

ለመካኒኩ ሞተር ይውረድ ላለው አንድ ፈተና ስጠው፣ እሱም ይወደዋል። ከኋላ የክራንኩን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ፊት ግፋ ወደ ኋላ ሳብ። መንቀሳቀሱ በጭንቅ የሚሰማህ ከሆነ ክራንኩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደህና ነው፣ ሞተሩ ይቆይ። ቶክ ቶክ እያለ በአይን የሚታይ ከሆነ መካኒኩ ልክ ነው፣ ፋብሪካው የሚፈቅደው መጨረሻ 0.15 ሚሊ ነው፣ በአይን ከታየ ከዛ አልፏል፣ ሞተሩም መውረድ አለበት። ሌላው ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ መኖራቸውን እይ፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ አንዴ ተፈተው «አያስፈልግም» ተብለው የቀሩ ናቸው፣ ያስፈልጋሉ፣ የሞቀው አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ቺንጋው ሲበጠስ ደግሞ ዲናሞ ብቻ አይደለም ፋኑም ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ የዲናሞው ቀይ መብራት ስትሄድ ከበራች ቤት ልድረስ የሚባል ነገር የለም፣ እዛው ታቆማለህ። መለዋወጫ ቺንጋና 21 ቁልፍ መኪናው ውስጥ ይኑር። የቺንጋው ጥብቀት የሚስተካከለው በዲናሞው ፑሌጃ መሀል ባሉት ሮንዴላዎች ነው፣ በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲ ተኩል ገደማ ይግባ፣ የተረፉትን ሮንዴላዎች አትጣል እዛው ዳዶው ስር ይቀመጣሉ።

ሲነሳልህ ደካማ ነው ብለህ አትዘን። ያ 1300 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 44 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ከአንድ አምስተኛ በላዩን ይወስድብሃል። ካርቡራተሩ ግን ለባህር ጠለል ከተቃኘ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ያጨሳል፣ ሰው ሞተሩ አልቋል ይልሃል። ብዙ ጊዜ አላለቀም፣ ዋናዋ ቤንዚን የምታልፍባት ቀዳዳ አነስ ያለች ትፈልጋለች። ወንድምህ ከአሜሪካ አዲስ ካርቡራተር ልላክ ካለህ ይሄን ንገረው።

ኤሌትሪኩን ብዙ አልልህም፣ 72 ከሆነ 12 ቮልት ነው፣ የተበላ ሽቦ እንዳለ ባለሙያ ይየው። አንድ ነገር ብቻ፦ ባትሪው ላይ ክዳን አድርግለት። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ይነካና የመቀመጫው ጭድ መሰል ነገር ይቀጣጠላል። ሙሽራና ሚዜ ከኋላ ልታስቀምጥ ነው የምታስበው፣ በዛ ላይ ቬሎ።

ቀለም መጨረሻ ነው፣ ክርክር የለውም። ከታች ዝገት ያለበት ላሜራ ላይ የተቀባ ቀለም ሰርጉን ያደርሳል፣ ክረምቱን ግን አያደርስም፣ ሐምሌ ላይ ያብጣል፣ ከዛ ለመቀባት ከከፈልከው በላይ ለመላጥ ትከፍላለህ። ለሰርጉ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ሞተሩና የወለሉ ቀዳዳ ካለቀ ይበቃል፣ ያለውን ቀለም በደንብ አሳጥበህ በፖሊሽ አሻሸው፣ አበባና ሪባን የቀረውን ይሸፍናል፣ እህትህም የምታስታውሰው አባቷ ያቆሙትን መልክ ነው። በኋላ ቀለም ስትመርጥ ደግሞ ድሮ ምን እንደነበር ለማወቅ ፀሀይ ያላየውን ቦታ እይ፣ የዳሽቦርዱን ውስጥ፣ የወለሉን ምንጣፍ ስር። ወለሉን ሲሰራልህ ባትላሜራው ዝርግ ላሜራ ብቻ እንዳይለጥፍ፣ የድሮው ላይ ያሉት ሸንተረሮች ለውበት አይደሉም ጥንካሬው እነሱ ናቸው፣ ካልሰራቸው ስትረግጠው ይጮሃል። የተበየደው ብረት ራቁቱን እንዳያድር በዛው ቀን አንቲሩስት ይቀባ። ክፍያውን በስራ እንጂ በቀን አትነጋገር፣ ቅድሚያ ሙሉውን የሚጠይቅህ ካለ ሌላ ፈልግ፣ ከ200 ሺው ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ገና ለማታውቀው ነገር ለይተህ አስቀምጥ።

ይሸጥ ወይስ ይሰራ የሚለው የእማማ ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። አንዳንድ ደላላ ቮልስ ብርቅ ነው፣ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው ቮልስ ነው፣ ታሪክ ነው ይልሃል። የጃንሆዩ እውነት ነው፣ ብርቅ የሚለው ግን አይደለም፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሰርቷል፣ የመጨረሻው ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ግን ላንተ ጥሩው ነገር እሱ ራሱ ነው፣ ብርቅ ስላልሆነ ዕቃው ዛሬም ይመረታል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የሚሄድና ወረቀቱ የተሟላ አሮጌ መኪና ፈላጊ አያጣም። ስለዚህ ለእማማ እንዲህ በላቸው፣ እስከ ሚያዝያ ጊዜ ይስጡኝ፣ ወይ በራሱ ጎማ ከግቢው ይወጣል ወይ እኔ ራሴ እሸጠዋለሁ። ቀን ሲቆረጥ እናቶች ይታገሳሉ።

ወንድምህ የቀለሙን ብር ወደ ዕቃ ይቀይረው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ ቀላል፣ እዚህ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትዞር ውለህ አሮጌውን በአዲስ ዋጋ የምትገዛው ነገር ነው የሚያመጣልህ፦ የፍሬን ፖምፓዎችና ቱቦዎች፣ የቤንዚን ጎሚኒ፣ የሞተር ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ሙሉ ሴት፣ የበርና የመስታወት ጎማዎች፣ ፑንቲና፣ ሁለት ቺንጋ። ቤንዚን ነክቶ የሚያውቅ አሮጌ ካርቡራተር ወይ ፖምፓ ግን እንዳይጭን፣ ኤርፖርት ያስጥሉታል። ከማዘዙ በፊት ደግሞ የፊት ኮፋኖውን ክፈትና እስፔር ጎማውን እይ፣ ዘንበል ብሎ ከፊት በኩል ቆሞ ከሆነ የተለመደው 1300 ነው፣ ወለሉ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ ግን ሱፐር ቢትል የሚሉት 1302 ነው፣ የፊት እግሩ ስሪት ሌላ ስለሆነ የፊት ዕቃውም ይለያል። አሜሪካ የተሸጡት የዛ ዓመት ቮልሶች ደግሞ 1600 ሞተር ነው ያላቸው፣ እዛ ያለ ሻጭ «72 ቢትል» ብቻ ካልከው የነሱን ነው የሚሰጥህ፣ ስለዚህ የሻንሲውን ቁጥር ፎቶና የእስፔሩን ፎቶ ላክለት፣ ከዛ ይዘዝ።